ሰው ጨረራን ይለምዳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ጨረራ የደረሱን ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ሰውነት ጨረራን እያደር ይለምደዋል ወይ? እሱ ካልሆነስ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚቋቋም ሰው ይመጣ ይሆን? ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት መለኪያዎች ይደጋገማሉ። ግሬይ አንድ ኪሎ የሰውነት ክፍል የዋጠውን የጨረራ ጉልበት ይለካል። ሲቨርት ያ ጉልበት በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያመዛዝናል፤ ለራጅና ለጋማ (ከሬዲዮአክቲቭ ነገር ለሚወጣው ሰንጣቂ ጨረራ) ግን የሁለቱ ቁጥር እኩል ነው። ሚሊ ሲቨርት የሲቨርት አንድ ሺኛ ነው።

ጥያቄ፦ ራጅ ክፍል ስሠራ 19 ዓመት ሆነኝ። በቀን እስከ 40 ሰው አነሣለሁ። ታምሜ አላውቅም፤ የደም ምርመራዬም ሁሌ ደህና ነው። ባልደረቦቼ «ሰውነትህ ለምዶታል» ይሉኛል። ለምዶት ከሆነ የእርሳስ ጋዋኑን መልበስ ምን ያደርጋል? ወተት መጠጣትስ ይጠቅማል? (የራጅ ባለሙያ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሰውነትዎ አልለመደውም፤ መጀመሪያውኑም ብዙ አልደረሰውም። ከግድግዳው ጀርባ ቆሞ የሚያነሣ ባለሙያ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ1 ሚሊ ሲቨርት በታች ነው። ራጅ ክፍል ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሕዋ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊ ሲቨርት ይቀበላል። የደም ምርመራው ደህና መሆኑም ለዚህ ማስረጃ አይሆንም። የነጭ ደም ሴል ቁጥር በግልጽ የሚወርደው በአንድ ጊዜ ግማሽ ግሬይ አካባቢ ሲደርስ ነው። ይህ ለባለሙያ በዓመት በአማካይ ከተፈቀደው 20 ሚሊ ሲቨርት 25 እጥፍ ነው። ስለዚህ ምርመራው ደህና ባይሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ በሽታ ነበር።

በሴል ደረጃ ሲታይ፣ 1 ግሬይ በአንድ ሴል ውስጥ ወደ 1,000 የሚጠጉ የዲኤንኤ ነጠላ ክር ስብራቶችና ወደ 40 የሚጠጉ የሁለቱም ክር ስብራቶች ያደርሳል። ነጠላው ቀላል ነው፤ ሴሉ ያልተበጠሰውን ክር እያየ ይጠግነዋል። ሁለቱም ክር ሲበጠስ ግን ጫፍ ከጫፍ ለመስፋት ይሯሯጣል፣ አንዳንዴም የማይገናኙትን ያገናኛል። ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሆኖ ሊወጣ የሚችለው እንዲህ ያለ የተሳሳተ ስፌት ነው። ሴል 19 ዓመት ስለሰፋ የተካነ ሰፊ አይሆንም።

መላመድ የሚመስል አንድ ነገር በቤተ ሙከራ ታይቷል። በ1984 ተመራማሪዎች የሰው ነጭ የደም ሴሎችን መጀመሪያ በጥቂት ጨረራ ነካክተው፣ ቀጥለው 1.5 ግሬይ ሰጧቸው። ቀድመው የተነኩት ያነሰ የክሮሞዞም ስብራት አሳዩ። ይህ ውጤት የሚቆየው ግን ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ነው፤ ከሰው ሰውም ይለያያል፣ በአንዳንዱ ሰው ደም ላይ ጭራሽ አይታይም። የሥራ ደንብ የሚጻፍበት ነገር አይደለም።

ወደ ጋዋኑ እንምጣ። ክፍሉ ውስጥ እርስዎን የሚያገኝዎት በዋነኛነት ከታካሚው ሰውነት ተበትኖ የሚመጣው ጨረራ ነው። ከታካሚው 1 ሜትር ላይ የሚደርሰው፣ ቆዳው ላይ ካረፈው አንድ ሺኛ ያህል ነው። 2 ሜትር ሲርቁ የዚያ ሩብ፣ 3 ሜትር ሲርቁ አንድ ዘጠነኛ ይሆናል። 0.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ ያለው ጋዋን ከቀረው ውስጥ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያስቀራል። ችግሩ ጋዋኑ ወንበር ላይ ተጣጥፎ መጣሉ ነው። እርሳሱ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ጨርቁ ደህና ስለሚመስል ማንም ልብ አይለውም። በወፍራም ማንጠልጠያ ይሰቀል። በዓመት አንድ ጊዜም ጋዋኑን ራሱን ራጅ አንሡት፤ ስንጥቁ ፍንትው ብሎ ይታያል። የጨረራ መለኪያ ባጁም እንዲሁ ነው፦ ራጅ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ካደረ የለካው ግድግዳውን ነው፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተተወ ደግሞ ሙቀቱ የመዘገበውን ያጠፋበታል። የሚያለቅስ ሕፃን ሲመጣ እርስዎ አይያዙት። በዓመት አንዴ የሚመጣ ወላጅ ጋዋን ለብሶ ይያዘው፤ እርጉዝ የሆነች እናት ግን አትያዝ።

ወተቱን ይጠጡ፣ ለአጥንት ጥሩ ነው። ከራጅ ጋር ግን አይተዋወቅም። ራጅ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር ስለሆነ ከሰውነት የሚታጠብ ትራፊ የለውም።

ጥያቄ፦ ደገኛ ሰው ቀጭኑን አየር ተላምዷል። ጥቁር ቆዳም ፀሐይን ይቋቋማል። ታዲያ ለጨረራ በዝግመተ ለውጥ የማንላመደው ለምንድን ነው? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ሁለቱም ምሳሌዎች ትክክል ናቸው፤ በእነሱ የተሳካው ለምን እንደሆነ ካየን በጨረራ የማይሳካበትም ምክንያት ይገኛል።

ከቆዳው እንጀምር። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ቆዳ ላይ የሚቆም ብርሃን ነው፤ ሜላኒን እዚያው ይይዘዋል። ጋማ ግን ሰውነትን በሙሉ ሰንጥቆ ያልፋል። ከኮባልት 60 የሚወጣውን ጋማ በግማሽ ለመቀነስ እንኳ 12 ሚሊ ሜትር ያህል እርሳስ ያስፈልጋል። የወረቀት ያህል የሳሳ የቆዳ ሽፋን፣ ጥቁር ሆነ ነጭ፣ ለጋማ እንዳልነበረ ነው።

ደጋው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በሰሜን ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎች ላይ የተደረጉ የዘረመል ጥናቶች፣ የእነሱ መላመድ ከቲቤታውያኑ በተለየ መንገድ የመጣ መሆኑን አሳይተዋል። ያ የሆነው ግን የኦክስጅን እጥረት እርግዝናን ስለሚነካ ነው። ጽንሱ ይከሳል፣ ሕፃኑ ይደክማል። ስለዚህ ምርጫው የሚካሄደው በእያንዳንዱ ትውልድ፣ ገና ልጅ ሳይወለድና ሳያድግ ነው። አነስተኛ ጨረራ የሚያመጣው ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ሰውየው ልጆቹን ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ምናልባትም ድሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። ተፈጥሯዊ ምርጫ ከመውለድ በኋላ የሚሆነውን ብዙም አያይም።

ጨረራው ከፍ ቢልስ? በ2009 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሙከራ ለዚህ መልስ አለው። ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ከ100 ከ99 በላይ የሚሆነው እስኪሞት በጋማ መቱት፤ የተረፉትን አራቡ፣ እንደገና መቱ፤ ይህን 20 ጊዜ ደጋገሙ። በመጨረሻ እጅግ ጨረራ የሚቋቋም ዘር ወጣ። ስለዚህ «በዝግመተ ለውጥ ይቻላል ወይ?» ለሚለው መልሱ «አዎ፣ ለባክቴሪያ» ነው። የተረፈችው አንዲት ባክቴሪያ በአንድ ሌሊት ብልቃጡን መልሳ ትሞላለች።

አሁን በሰው እናስላው። 10 ሚሊዮን ሰው ይዘን እንጀምርና ከመቶው 99ኙ ይለቅ፤ 100,000 ይቀራል። እስከሚቀጥለው ትውልድ፣ ማለትም በ25 ዓመት ግድም፣ ሕዝቡ እጥፍ ይሁን እንበል፦ 200,000። ሁለተኛው ዙር 2,000 ያስቀራል፤ እጥፍ ሲሆን 4,000። ሦስተኛው 40፤ እጥፉ 80። በአራተኛው ዙር አንድ ሰው እንኳ አይተርፍም፤ ሙከራው ግን ገና 16 ዙር ይቀረዋል።

ምርጫው የሚመርጠው ልዩነትም መኖር አለበት። በሰው ልጅ ላይ በደንብ የሚታወቀው ልዩነት ወደ ጉዳቱ ወገን ያለው ነው። ኤቲኤም የተባለው የጥገና ዘረመል በሁለቱም ቅጂ የተበላሸባቸው ልጆች ለሌላው ታካሚ የሚሰጠው የጨረር ሕክምና ለሕይወታቸው ያሰጋል። በሌላኛው ጫፍ 10 ግሬይ መላ ሰውነቱን ተመትቶ ምንም ያልሆነ ቤተሰብ ተገኝቶ አያውቅም። ያለ ሕክምና ከ3.5 እስከ 4.5 ግሬይ መላ ሰውነትን ሲመታ ግማሹን ሰው በ60 ቀን ውስጥ ይገድላል።

ጥያቄ፦ በኢራንና በሕንድ አፈሩ ራሱ ጨረራ የሆነባቸው ቦታዎች እንዳሉና ሰዎቹ ምንም እንደማይሆኑ አነበብኩ። እነሱስ አልተላመዱም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቦታዎቹ ራምሳርና ኬራላ ናቸው። በካስፒያን ባሕር ዳር ባለችው ራምሳር ፍል ውኃው ራዲየም ይዞ ይወጣል፤ ነዋሪዎች ከፍል ውኃው የተረፈውን ድንጋይ ለቤት ግንባታ ተጠቅመውበታል። በአንዳንድ ቤት በዓመት እስከ 260 ሚሊ ሲቨርት ተለክቷል። በኬራላ ካሩናጋፓሊ ደግሞ የባሕሩ አሸዋ ቶሪየም ያለበት ሞናዛይት ነው። በዚያ 69,958 ሰዎችን በአማካይ ከ10 ዓመት በላይ የተከታተለና በ2009 የታተመ ጥናት ከጨረራው ጋር የተያያዘ የካንሰር ጭማሪ አላገኘም።

«ምንም አልታየም» ማለት ግን «ተላመዱ» ማለት አይደለም። ተመሳሳዩ መጠን በዓመታት ተከፋፍሎ ሲመጣ ሴሉ ለመጠገኛ ጊዜ ያገኛል፤ ለዚህ መላመድ አያስፈልግም። ከራምሳር ነዋሪዎች ደም ተወስዶ በቤተ ሙከራ በ1.5 ግሬይ ሲመታ ያነሰ የክሮሞዞም ስብራት መታየቱ ተዘግቧል፤ የተመረመሩት ሰዎች ግን ጥቂት ናቸው፤ ነገሩም ለደሴው ጠያቂያችን ከነገርነው የአጭር ጊዜ ምላሽ ጋር ይመሳሰላል። ከወላጅ የተወረሰ መሆኑን የሚያሳይ ነገር የለም።

በነገራችን ላይ ጠያቂያችን የሚኖሩት 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ ይልቅ ከሕዋ የሚመጣው ጨረራ ይበዛብዎታል። ልዩነቱ ግን በዓመት ከ1 ሚሊ ሲቨርት በታች ነው፤ አንድ የሆድ ሲቲ ስካን ብቻውን 8 ያህል ይሰጣል።

ጥያቄ፦ የቼርኖቤል እንስሳት ጨረራ የማይነካቸው ሆነዋል ይባላል። እውነት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የርዕስ ጸሐፊዎች ሥራ ነው። ኤፕሪል 26 ቀን 1986 የኑክሌር ጣቢያው አደጋ ከደረሰ በኋላ አካባቢው ከሰው ተለየ፤ አራዊቱ የበዙት አዳኝና አራሽ ስለለቀቃቸው ነው። ደግሞም ተኩላ በዱር ስድስት ሰባት ዓመት ቢኖር ነው፤ 20 ዓመት የሚፈጅ ካንሰር አይደርስበትም።

ከሁሉም የሚያሳምነው የዛፍ እንቁራሪቶቹ ነገር ነው። በ2022 የታተመ ጥናት ከ12 ኩሬዎች ከ200 በላይ ወንድ እንቁራሪቶችን ለካ፤ በተበከለው ዞን ያሉት በጣም ጠቁረው ተገኙ። ልብ የሚያስብለው፣ ጥቁረቱ የሚስማማው ዛሬ ካለው የጨረራ መጠን ጋር ሳይሆን በአደጋው ጊዜ ከነበረው የብክለት ካርታ ጋር ነው። በ1986 የተረፉት ጥቁሮቹ ሳይሆኑ አልቀሩም፤ እንቁራሪት ደግሞ በሁለት በሦስት ዓመት ትውልድ ትተካለች፣ በመቶ የሚቆጠር እንቁላልም ትጥላለች። በ2023 የተጠኑት ውሾች ከሌላ ቦታ ውሾች በዘረመል ተለይተዋል፤ ተነጥለው እርስ በርስ የሚዋለዱ ውሾች ግን ያለ ጨረራም ይለያሉ።

ለሰዎቹስ? በ2021 ከአደጋው አጽጂዎችና ከተፈናቃዮች የተወለዱ 130 ልጆች ሙሉ ዘረመላቸው ተነበበ። ወላጆቻቸው የሌሏቸው አዲስ ለውጦች ከሌላው ሕዝብ ልጆች አልበዙም። በሂሮሺማና ናጋሳኪ ከአቶሚክ ቦምቡ በኋላ በተወለዱ 77,000 ያህል ልጆች ላይ የተደረገው ክትትልም ወደዚያው ያመለክታል። ለወላጆች መልካም ዜና ነው፤ «አዲስ ዘር» ለሚጠብቁ ግን አይመችም።

ጥያቄ፦ ቃሊቲ የሚራባው የቆላ ዝንብ ሰውን በሚገድል ጨረራ ተመትቶ በደህና እንደሚበር ሰማሁ። ዝንብ ከሰው በምን ይበልጣል? (የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ በሴሎቹ ስንፍና ይበልጣል። ጨረራ አጥብቆ የሚጎዳው በመከፋፈል ላይ ያለን ሴል ነው፤ ይህን ቤርጎኒዬና ትሪቦንዶ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1906 ጽፈውታል። የሰው መቅኔ በየቀኑ ደም ይሠራል፣ የአንጀት ሽፋንም በየጥቂት ቀኑ ይታደሳል፤ ስለዚህ ሰው መጀመሪያ በመቅኔው፣ መጠኑ ሲያይል ደግሞ በአንጀቱ ይወድቃል። ያደገ ዝንብ ግን አብዛኛው ሴሉ መከፋፈል አቁሟል። የማያቆመው የዘር ሴሉ ነው፤ የሚፈለገውም እሱ እንዲመክን ነው።

ገንዲን፣ ማለትም ዝንቡ የሚያስተላልፈውን የከብት በሽታ፣ ለመቆጣጠር መክኖ የሚለቀቀው ወንድ ዝንብ ከ100 ግሬይ በላይ ይሰጠዋል። መጠኑ ካነሰ መካን ያልሆነ ወንድ ይለቀቅና ሥራው ሁሉ ገደል ይገባል። ከበዛ ደግሞ ዝንቡ ይደክማል፣ ሴቷን ከዱሩ ወንድ ጋር ተሻምቶ አያገኝም። ለዚህ አንድ ዘዴ አለ፦ ነፍሳት ሲመክኑ አየሩ በናይትሮጅን ከተተካ የቀረው ሰውነታቸው ያነሰ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ኦክስጅን የጨረራን ጉዳት ያባብሳል። (ይህን ይያዙልን፤ በመጨረሻው ጥያቄ ይመለሳል።) የቆላ ዝንብ ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትገናኘው አንዴ በመሆኑ ከመካን ከተገናኘች ዕድሜዋን ያለ ልጅ ትጨርሳለች። የዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት በ1997 ከቆላ ዝንብ የጸዳችው ይህ ዘዴ ታክሎበት ነው።

ጥያቄ፦ የበረራ አስተናጋጅ ነኝ። ብዙ ስለምበር ለምጄው ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አልለመዱትም። ረጅም በረራ የሚያዘወትር ሠራተኛ በዓመት ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሲቨርት ያገኛል፤ የሚያሳስብ አይደለም። ሲያረግዙ ግን ለአሠሪዎ ቶሎ ይንገሩ። ካስታወቁ በኋላ ለጽንሱ የሚመከረው ጣሪያ 1 ሚሊ ሲቨርት ነው፤ በጥቂት ወር በረራ ይሞላል።

ጥያቄ፦ የማይሞተውን የታርዲግሬድ ዘረመል ሰው ላይ አስገብተው ወደ ማርስ መላክ አይቻልም? (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ታርዲግሬድ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ፣ ስምንት እግር ያለው የውኃ ፍጥረት ነው። 4,000 ግሬይ ተቀብሎ ይራመዳል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2016 ዲሳፕ የተባለውን ፕሮቲኑን የሚሠራ ዘረመል በብልቃጥ ባሉ የሰው የኩላሊት ሴሎች ውስጥ አስገቡ፤ በራጅ የሚደርሰው የዲኤንኤ ጉዳት በ40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ፕሮቲኑ ዲኤንኤው ላይ ተጠቅልሎ እንደ ጃንጥላ ይሆናል።

ጃንጥላው ግን ሁሉም ቤት አይገባም። በአይጥ የነርቭ ሴሎች ላይ ሲሞከር፣ ጉዳት በመከላከል ፈንታ ራሱ ጉዳት አደረሰ። የማይከፋፈል፣ ዕድሜ ልክ የሚኖር ሴል ዲኤንኤውን በነፃነት ማንበብ ይፈልጋል፤ በላዩ የተጠቀለለ ነገር ያን ሳያውክ አይቀርም። ስለዚህ የሚያስኬደው መንገድ ለጊዜውና ለአንድ ቦታ መስጠት ነው። በ2025 የታተመ ሙከራ የፕሮቲኑን መመሪያ በኤምአርኤንኤ መልክ በአይጥ አፍና ፊንጢጣ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ከጨረሩ ጥቂት ሰዓት ቀድሞ ወጋ፤ የሁለት ክር ስብራት ወደ ግማሽ ወረደ። ይህ ለካንሰር ሕክምና ተስፋ አለው፤ ለማርስ ግን ገና ነው።

ሌላው የታወቀ ኃይለኛ ዴይኖኮከስ ራዲዮዱራንስ ነው። በ1956 በኦሪገን በጋማ የጸዳ የታሸገ ሥጋ ተበላሽቶ ሲገኝ በውስጡ የታወቀ ባክቴሪያ ነው፤ 5,000 ግሬይ ይችላል። የእሱ ዲኤንኤ እንደ እኛው ይሰባበራል። ልዩነቱ፣ በርካታ የዘረመል ቅጂ አለው፤ በማንጋኒዝም ጠጋኝ ፕሮቲኖቹን ያድናል። ጨርቁ ቢቀደድም የሰፊው እጅ ደህና ነው፤ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይገጥመዋል። ይህን በሰው ለመድገም አንድ ዘረመል አይበቃም።

ማርስን በተመለከተ፦ ኪዩሪዮሲቲ የተባለው የናሳ የማርስ ተሽከርካሪ በ2011 እና 2012 ወደዚያ ሲጓዝ የለካው በቀን 1.84 ሚሊ ሲቨርት ነው፤ ለ360 ቀን የደርሶ መልስ ጉዞ 660 ያህል ይሆናል። ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ ለዕድሜ ልኩ የሚፈቅደው 600 ነው። የበለጠ ፈጣን መንኮራኩር ከዘረመል ቀድሞ ይደርሳል ብለን እንገምታለን።

ጥያቄ፦ የምኖረው አቡ ዳቢ ነው፤ የኑክሌር ጣቢያ አለ። አዮዲን ኪኒን ቀድሞ መውሰድ ሰውነትን ያጠነክራል? ካጣሁ አዮዲን ያለው ጨው፣ ፌጦ ወይም ነጭ ሽንኩርት ይተካዋል? (ከአቡ ዳቢ)

መልስ፦ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ለምግብ ይሁኑ። ኪኒኑም ሰውነትን አያጠነክርም፤ የሚያደርገው የታይሮይድ ዕጢን በንጹሕ አዮዲን መሙላት ነው፤ ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ሲመጣ ቦታ ያጣል። ለሌላው ሬዲዮአክቲቭ ነገር ለሲዚየምም ሆነ ከውጭ ለሚመጣ ጋማ አይረዳም። ለአዋቂ 130 ሚሊ ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ከ3 እስከ 18 ዓመት ላሉ 65፣ ከ1 ወር እስከ 3 ዓመት 32፣ ከዚያ በታች 16። የሚወሰደው አደጋ ሲደርስና ባለሥልጣን «ውሰዱ» ሲል ብቻ ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ጨረራው ከመድረሱ በፊት ባለው 24 ሰዓትና ከደረሰ በኋላ ባለው 2 ሰዓት ነው። ዝም ብሎ መዋጥ ዕጢውን ያውካል። ከ40 ዓመት በላይ ያለ ሰው ጥቅሙ ያንሰዋል።

ጨውን እናስላው። 130 ሚሊ ግራሙ ኪኒን 100 ሚሊ ግራም አዮዲን አለው። አዮዲን ያለው ጨው በኪሎ 30 ሚሊ ግራም ያህል ቢይዝ፣ ያንን ለማግኘት ከ3 ኪሎ በላይ ጨው መብላት ሊኖርብዎ ነው። ጨረራው ሳይመጣ ጨው ይገድልዎታል።

ጥያቄ፦ እናቴ ለማህፀን በር ካንሰር 25 የጨረር ሕክምና ታዞላት አሥረኛው ላይ ናት። ተዳክማለች፤ ሁለት ሳምንት አርፋ መቀጠል ትፈልጋለች። 4 ግሬይ ሰው ይገድላል እየተባለ ለሷ 50 ግሬይ መባሉ አስፈርቶናል። ዕጢውስ ጨረሩን ሊለምደው ይችላል? ማሽኑ ላይ የምትቆይበት ደቂቃም ከሌላ ታካሚ ረዝሟል። (ከጅማ)

መልስ፦ 4 ግሬይ የሚገድለው መላ ሰውነትን፣ መቅኔውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመታ ነው። የእናትዎ 50 ግሬይ የሚያርፈው ዳሌ ላይ ብቻ፣ በየቀኑ 2 ግሬይ ሆኖ ነው። በሁለት ቀናት መካከል ጤነኛው ሴል ይጠግናል፤ የዕጢው ሴል ጥገና ደካማ ስለሆነ ጉዳቱ ይከማችበታል። ሕክምናው የቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ደቂቃው የሚረዝመው በብዙ ምክንያት ነው። ማሽኑ ኮባልት ከሆነ አንዱ የምንጩ ማርጀት ነው፦ ኮባልት 60 በ5.3 ዓመት ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፣ ያንኑ 2 ግሬይ ለመስጠት ጊዜው በእጥፍ ይረዝማል። እናትዎ የሚደርሳቸው መጠን ያው ነው።

«ዕጢው ይለምደዋል ወይ?» ላሉት፣ ከባክቴሪያው በቀር በዚህ ገጽ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ «አዎ» የሚባለው ለዚህ ብቻ ነው። ዕጢ በቢሊዮን የሚቆጠር፣ እርስ በርሱ የሚለያይ፣ በቀናት ውስጥ ትውልድ የሚተካ ሕዝብ ነው፤ ባክቴሪያው በ20 ዙር ያደረገውን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሁሉ አለው። ደም በደንብ በማይደርስበት የዕጢው መሃል ኦክስጅን የለም፤ እዚያ ያሉትን ሴሎች ለመግደል ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ ጨረራ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ነፍሳት በናይትሮጅን ውስጥ ያነሰ የሚጎዱት፤ የእናትዎ ዕጢም የሚደበቀው በዚያው ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢናቸው (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) በየሳምንቱ ይታይ፤ ከ10 ከወረደ ስለ ደም መስጠት ሐኪሙን ጠይቁ።

የሁለት ሳምንቱን ዕረፍት ግን በጭራሽ አይውሰዱ። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የውስጥ ጨረር (ምንጩ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚሰጠው) ድረስ ሁሉም በ56 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ከዚያ ባለፈ የተረፉት ሴሎች ፈጥነው ይባዛሉ፤ እያንዳንዱ የዘገየ ቀን ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድሉን በ1 በመቶ ግድም ይቀንሳል። ድካሙ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከተቅማጥ፣ ከደም ማነስና ካለመብላት ነው፤ ሦስቱም ሕክምናው ሳይቋረጥ ይታከማሉ። ተቅማጡ ሲጀምር ጥሬ አትክልት፣ ባቄላና ሽምብራ ለጊዜው ይቅር፤ ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላልና ሙዝ ይብሉ፤ ኦአርኤስ ይጠጡ። ጾም ላይ ከሆኑ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀርለት እሳቸውም ያውቁታል። ቆዳቸው ላይ የተሠመረው ምልክት ሲታጠቡ እንዳይጠፋ ይጠንቀቁ፤ ከጠፋ በግምት አያሥምሩት፣ ሠራተኞቹን ይጠይቁ።

በማሽን ብልሽት ወይም በመንገድ አንድ ቀን ካለፈ በዚያው ዕለት ለክፍሉ ይደውሉ። ያመለጠው ቅዳሜ ሊተካ ይችላል፤ ወይም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ በሁለቱ መካከል ግን ቢያንስ 6 ሰዓት ማለፍ አለበት።